ሰኞ ሰኞ ወደ ተራራ የሚወጣው ልብስ ሰፊ

ከጂንካ ወደ አሪ ተራሮች በሚወጣው መንገድ ላይ ዝም ብሎ መሄድ አይቻልም። የሚከለክለው ዳገቱ ወይም ጭቃው አይደለም፣ ጥያቄ ነው። እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት «ወዴት ነው?» ትላለች። ጎደሬ በአህያ የጫነው ሽማግሌ «ወዴት ነው?» ይላል። ድልድዩ አጠገብ ሸንኮራ የምትሸጠው ተዋበች ደግሞ ገና ከሩቅ ነው የምትጀምረው። ጥያቄው ክፋት የለበትም፣ ሰላምታ ነው። ግን መልስ ካላገኘ የማይለቅ ሰላምታ ነው። «ለቅሶ» ያለ ያልፋል፤ «ዘመድ ልጠይቅ» ያለም ያልፋል። «እንዲሁ ልዘዋወር ብዬ» ያለ ሰው ግን ማታውኑ ቤቱ ድረስ ሰው ይመጣበታል፤ ጤናውን ሊጠይቅ።

ጎሳዬን ለብዙ ዓመታት ያስቸገረው ይህ ነው። ጎሳዬ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ አውሮፕላን ያርፍበት ከነበረው፣ ከብትም ከሚግጥበት ሜዳ ዳር ናት። አባቱ ከመንዝ መጥተው ጂንካ የቀሩ ሰው ነበሩ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ሐምሌ ሲገባ «ክረምት ነው» ብለው ካፖርት ይደርቡ ነበር ይባላል፤ ጂንካ ግን ዋናውን ዝናቧን በሚያዝያ ጨርሳ፣ በሐምሌ በጉምና በካፊያ ትጫወት ነበር። ልጃቸው ጎሳዬ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ስላደገ ወቅቱን አይሳሳትም። የእሱ ችግር ሌላ ነው። ተራራው ላይ መሆን ይወዳል። ሊያርስ፣ ሊነግድ ወይም ሊያደን አይደለም፤ እዚያ መሆን ብቻ ነው የሚወደው። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ከማሽኑ ቀና አይልም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሰኞ የሱቁ ሥራ ይቀዘቅዛል። ሰኞ ጠዋት የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ቀና ሲል ተራራው እዚያው ተቀምጦ ያየዋል።

ሰኞ ግን አገር ሁሉ ሥራ ላይ ያለበት ቀን ነው። ለመውጣት ምክንያት ያስፈልጋል።

በ1997 ዓ.ም. አንድ ምክንያት አገኘ። ተዋበች «ወዴት ነው ጋሽ ጎሳዬ?» ስትለው፣ «ፍየል ጠፍታብኝ» አላት።

«ውይ! ምን ዓይነት ናት?»

«ነጭ ናት። አንገቷ ላይ ጥቁር አለባት» አለ። ፍየል የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም።

ይህች ፍየል ሰባት ሰኞ አገለገለችው። ስለ እሷ ሲጠየቅ ፊቱን ያዘነ ያስመስላል፤ ሰውም «አይዞህ፣ ትገኛለች» እያለ ያሳልፈዋል። እሱ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ያያል፣ በሩቅ የማጎን ቆላ ያያል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሱሪ ይጥፋል። ያልገመተው ነገር ቢኖር አገሬው ከልቡ እንደሚፈልግለት ነው። በስምንተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ አንድ ሰው አንገቷ ላይ ጥቁር ያለባት ነጭ ፍየል እየጎተተ ሱቁ ደጃፍ ቆመ።

«ይኸው! ተገኘችልህ!»

ሰው እልል አለ። ጎሳዬ ምን ይበል? ተቀበለ። ሰውየውን አመስግኖ ፍየሏን ከሱቁ ጀርባ አሰራት። እሷም እስከ ማክሰኞ ድረስ የአንድ ሰርገኛ ኮት ግራ እጅጌ በላች። ማክሰኞ ባለቤቷ ከተራራው ወርዳ መጣች። ሴትየዋ ፍየሏን ፈትታ እየወሰደች፣ መንገድ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ልብስ ሰፊ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፍየል የሚሰርቀው?» አለች።

የጎሳዬ ሚስት ያለምወርቅ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። እሷ ጩኸት አትወድም። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ጎሳዬ፣ እኛ ፍየል ነበረችን እንዴ?»

ያን ቀን ሱቁ ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። ሚልክያስ ይባላል፤ ከላይ ከተራራው የመጣ የአሪ ገበሬ ነው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራንን የሚመራ። ሱሪው ሁልጊዜ በቀኝ ጉልበቱ በኩል ነው የሚቀደደው፤ ሊያስጥፍ መጥቶ ነበር። ነገሩን ከዳር እስከ ዳር አይቶ፣ ሳቁን መቋቋም አቅቶት፣ የጨርቅ ቁርጥራጩ ክምር ላይ ተደፋ።

«ሰባት ሰኞ አይቼሃለሁ» አለ ቀና ሲል። «በቤቴ ጀርባ ነው የምታልፈው። ፍየል የሚፈልግ ሰው መሬት መሬት ያያል። አንተ ሰማይ ሰማይ ነው የምታየው። ምንድን ነው የምትፈልገው?»

ጎሳዬ እውነቱን መናገር አፈረ። ያለምወርቅም እየሰማች ነው።

«ቀፎ የምሰቅልበት ዛፍ» አለ።

ሚልክያስ ሳቁን አቆመ። በአሪ ገበሬ ፊት ቀፎ ቀልድ አይደለም። «ለምን አትነግረኝም ታዲያ? ዋንዛ አለኝ» አለ።

እንዲህ ሆነና ማር የማይወደው ጎሳዬ ባለ ቀፎ ሆነ። ቀፎውን ሚልክያስ ራሱ ከቀርከሃ ሠርቶ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቀለለለት። በጥቅምት 1998 ዓ.ም.፣ ዋንዛው ነጭ አበባውን ሲያፈካ፣ አጥነው፣ በገመድ ስበው ሰቀሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱ ተከፈተለት።

«ወዴት ነው ጋሽ ጎሳዬ?»

«ቀፎዬን ላይ ብዬ።»

«ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ ሰው!»

ስለዚያ ዘመን ሲያወራ የጎሳዬ ፊት እንዴት እንደሚሆን እንደሚገባ መግለጽ የምችል አይመስለኝም። የነገረኝን ብቻ ልጻፍ።

በታኅሣሥና በጥር ሜዳው ቢጫ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከዋንዛው ሥር ተቀምጦ ወደ ታች ሲያይ የማጎ ቆላ እንደተዘረጋ ሸማ ይታየዋል። የራሱን ሱቅ ቆርቆሮም ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ አገኘሁት ብሎ ለሚልክያስ ሲያሳየው የወህኒ ቤቱ ሆኖ ተገኘ። በሚያዝያ ዝናቡ ይመጣል። ዝናቡን መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው፣ ከቆላው ተነስቶ ኮረብታ በኮረብታ ሲወጣ። ሲደርስበት የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ራሱ ላይ ያደርጋል። ሲወርድ መንገዱ ሳሙና ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆሞ ጀምሮ ተቀምጦ ጨርሶታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነ የሱሪውን መቀመጫ በድርብ ጨርቅ ሰፋው፤ ብዙ የተራራ ሰዎችም አይተው «ለእኛም እንዲህ አድርግልን» ብለውታል። በሐምሌ ጉሙ ከተማዋን ይውጣታል፣ ከላይ ያለው ሰው ብቻ ፀሐይ ላይ ይቀራል። እንዲህ ባለ ቀን ጎሳዬ ከነጩ ጉም በላይ ቁጭ ብሎ፣ ከታች የሰው ድምፅ፣ የዶሮ ድምፅ፣ የወፍጮ ድምፅ እየሰማ፣ አንዱንም ሳያይ ይውላል። ሚልክያስ የተጠበሰ በቆሎ ይዞ ይመጣል። «ንብ ገባ?» ይለዋል። «ገና ነው» ይላል ጎሳዬ። «ገና ነው» ይላል እሱም። በቆሎውን ይበላሉ።

ንብ አልገባም። የመጀመሪያው ዓመት አለፈ። ሁለተኛው ጥቅምት መጣ፣ ዋንዛው ፈካ፣ ንቦች ወደ ሌሎቹ ቅርንጫፎች እየጎረፉ የሚልክያስን አራት ቀፎዎች ሞሉ። የጎሳዬ ቀፎ ግን ባዶ። ጎሳዬ ምንም አልከፋውም። ንብ ከገባ ማር መቁረጥ አለ፣ መነደፍ አለ። ባዶው ይሻላል፣ «ልይ» ብሎ ለመውጣት ባዶ ቀፎም ይበቃል።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ሚልክያስ ጉሮሮውን ጠረገ። መዝሙር ሊጀምር ሲል ነው እንዲያ የሚያደርገው።

«አንድ ነገር አልነገርኩህም። አባቴ ያስቀመጠው ሕግ ነው። በዚህ ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ አይሸጥም፣ አይከራይም። የሰቀለ ሰው ንቡ እስካለ ድረስ የእሱ ነው። ሦስት አበባ ባዶውን ካለፈ ግን ይወርዳል፤ ቅርንጫፉ ለሌላ ሰው ነው።»

«ለማን?»

«ለእህቴ ልጅ፣ ለአብኔር። ሚስቱ ወልዳለች፤ ዛፍ የለውም።»

ጎሳዬ ዋንዛውን ቀና ብሎ አየ። የሚያጣው ቅርንጫፍ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ቅርንጫፉ ከሄደ «ቀፎዬን ላይ» የሚለውም ይሄዳል። ለተዋበች ምን ይላታል? ዳግመኛ ፍየል ይጥፋበት?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንብ የሚመኝ ሰው ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ እየሰፋ ስለ ንብ ይጠይቃል። ለደንበኛ ወገቡን ሲለካ፣ «እርስዎ አካባቢ ንብ በምን ይመጣል?» ይላል። አንዱ «በንጽሕና» አለው፣ ሌላው «በዕድል»። ሚልክያስ ግን ቀፎውን አውርዶ ለማየት ወሰነ። ወጣ፣ ገመዱን ያዘ፣ እጁን አሸተተ። ከላይ ሆኖ ጮኸ።

«ጎሳዬ! ይሄ ገመድ ምን ጠጥቷል?»

«ምንም። ከሥር ሆኜ ጫፉን ዘይት ቀብቼዋለሁ፣ ለጉንዳን።»

«የምን ዘይት?»

«የማሽን ነዋ። የስፌት ማሽን።»

ሚልክያስ ቅርንጫፉን እንደያዘ ግንባሩን ግንዱ ላይ ደገፈ። «በየስንት ጊዜው?»

«በየሰኞው» አለ ጎሳዬ። ማሽኑን የሚቀባውም በየሰኞው ነው። ለሚወደው ነገር ሁሉ ዘይት መቀባት የለመደ ሰው ነው።

«ሁለት አበባ ሙሉ!» አለ ሚልክያስ። «ንቦቹ ፋብሪካ መስሏቸው ነዋ!»

ገመዱ ተጣለ፣ ቀፎው ታጠበ፣ እንደገና ታጠነ፣ ሚልክያስ ከራሱ ቀፎ ሰም አምጥቶ አፉን ቀባለት። ሦስተኛው አበባ ጥቅምት 2000 ዓ.ም. ላይ ፈካ። ጎሳዬ ሰኞ ብቻ ሳይሆን ሐሙስም ይወጣ ጀመር። እጁን በሳሙና ሁለቴ ታጥቦ፣ ከዛፉም አሥር እርምጃ ርቆ ይቀመጣል።

በጥቅምት መጨረሻ አብኔር መጣ። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ዓይነ አፋር፣ በጣም ጨዋ ሰው ነው። አዲስ ቀፎውን ተሸክሞ መጣና ከጎሳዬ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እኔ አልቸኩልም» አለ።

«ቀፎውን ታዲያ ለምን አመጣኸው?»

«ቤት ውስጥ ቦታ የለም፣ ሕፃኑ አለ። ደግሞ አጥኜዋለሁ፣ ሽታው እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ግን ንብ እንዲገባልዎት እጸልያለሁ።»

«ከልብህ?»

አብኔር ቀፎውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። «ግማሽ በግማሽ» አለ።

ኅዳር እንዲህ አለቀ። ጎሳዬ አንድ ሁለት ንቦች በቀፎው አፍ ሲዞሩ ባየ ቁጥር ይነሳል፣ አብኔርም ይነሳል፤ ንቦቹ ሲሄዱ ሁለቱም ይቀመጣሉ። የመጨረሻው ሰኞ ደረሰ። ሚልክያስ ሥራውን ትቶ መጣ፣ ሦስቱም ከዋንዛው ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀመጡ። የአብኔር ቀፎ በአንድ ጉቶ ላይ ጋደም ብሏል። አበባው ረግፎ ሣሩን አልብሶታል።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ ጎሳዬ አውሮፕላን መሰለው። ሚልክያስ እጁን አነሳ። ከሸለቆው በኩል አንድ ጥቁር ደመና እየተሽከረከረ ወጣ፤ የንብ መንጋ ነው። ከዋንዛው በላይ ደርሶ ቆመ። ወደ ጎሳዬ ቀፎ ወረደ። ጎሳዬ የሚልክያስን ጉልበት ጨመቀ፣ የተጣፈውን። መንጋው የቀፎውን አፍ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ እንደ ጢስ ተስቦ ወረደ፣ በሦስቱ ሰዎች ራስ ላይ አለፈ፣ ጉቶው ላይ ወደተጋደመው የአብኔር ቀፎ ገባ።

ማንም አልተነቃነቀም። አንዷ ንብ የጎሳዬን ጆሮ ነደፈች። እሱ ግን «ኧረ!» እንኳን አላለም።

መጀመሪያ የተናገረው አብኔር ነው። «ጋሼ፣ በእውነት እኔ አልጠራኋቸውም!»

«አውቃለሁ።»

«ንቡን ይውሰዱት። ቀፎውንም ጭምር። የእኔን ግማሽ ጸሎት ትቼዋለሁ።»

ሚልክያስ መሐል ላይ ተያዘ። ሕጉ የአባቱ ነው፣ ጎሳዬ ደግሞ ጓደኛው። ሁለቱም ወደ እሱ አዩ፣ እሱ ግን ወደ ጫማው አየ። ጎሳዬ ይህን ሲያይ ተነሳ። ንብ የገባበት ቀፎ መሬት ላይ አያድርም፤ ይህን ያህል ተምሯል። በሃምሳ ዓመቱ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያንን ዛፍ ወጣ። ባዶ ቀፎውን ፈትቶ አወረደው።

«ስቀል» አለው አብኔርን። «ሳይመሽባቸው።»

ጎሳዬ ባዶውን ቀፎ በትከሻው ተሸክሞ ወረደ። ያን ቀን መንገዱ ላይ ያገኙት ሁሉ ጆሮውን አይተው፣ «ንብ ገባልህ! እንኳን ደስ ያለህ!» አሉት። ጆሮው አብጦ እንደ ጎደሬ ቅጠል ሰፍቶ ነበር።

ማታ ያለምወርቅ ጆሮውን በቀዝቃዛ ጨርቅ ይዛለት ሳለ ነገራት። ከፍየሏ ጀምሮ። ማር እንደማይወድ፣ ቀፎውም ሰበብ እንደነበር፣ ተራራው ላይ ምንም እንደማይሠራ።

«ምንም?» አለች።

«ምንም። ቁጭ እላለሁ። አያለሁ።»

«ምኑን?»

«ያለውን።»

ያለምወርቅ ጨርቁን ገልብጣ እንደገና ያዘችለት። «ቀፎው ይሻል ነበር» አለች በመጨረሻ። «ባለ ቀፎ አበደ አይባልም። አሁን ምን ልትል ነው ለሰው?»

«እንጃ።»

«አትሂዳ።»

እሱም አልሄደም። የሚቀጥለውን ሰኞ ሱቁ ዋለ። ከጭቃ ብዛት ብቻውን የቆመ የሚመስል የገበሬ ሱሪ፣ አንገቱ የሰፋ ሸሚዝ፣ አንድ ሰርገኛ ሙሉ ልብስ ሰፋ። የሁለተኛውንም ሰኞ ሰፋ። በሦስተኛው ሰኞ ያለምወርቅ ምሳ ይዛ ስትመጣ ማሽኑ ቆሞ አገኘችው። ጎሳዬ ራሱ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተራራውን እያየ ነበር፣ ክሩ ያልተቆረጠ ሱሪ በእጁ ይዞ። ሱሪውን አየችው። ሁለቱ እግሮች እርስ በርስ ተሰፍተዋል።

«ሂድ ባክህ» አለችው። «ደንበኛ ልታሳጣን ነው።»

ተነሳ። እጁ ላይ ገመድ የለም፣ ቀፎ የለም፣ ዘይት የለም። ድልድዩ ጋ ደረሰ።

«ወዴት ነው ጋሽ ጎሳዬ? ቀፎህን ልታይ?»

«ቀፎ የለኝም፣ ተዋበች። ዝም ብዬ ነው የምወጣው።»

ተዋበች ሸንኮራ የምትልጥበትን ቢላ አስቀመጠች። «ዝም ብለህ?»

«ዝም ብዬ።»

አላመነችውም። ማንም አላመነውም። ጎሳዬ ሲፈራ የኖረው «አበደ» መባልን ነበር፤ የመጣው ግን ሌላ ነው። ሰው ሥራውን ትቶ፣ ሰኞ ሰኞ፣ ባዶ እጁን ተራራ ከወጣና ለምን እንደሚወጣ ከደበቀ፣ አንድ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። በሳምንቱ «ጎሳዬ መሬት ሊገዛ ነው» ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት «መሬት አይደለም፣ ማዕድን ነው፤ አንድ ፈረንጅ ካርታ ሰጥቶታል» ተባለ። ሱቁ ውስጥ ሱሪ ሳያስጥፉ የሚቀመጡ ሰዎች በዙ። ያለምወርቅ ገበያ ላይ ሰላምታዋ ጨመረ። «ተዋቸው» አለችው፤ «ከፍየሉ ይህ ይሻላል።»

በሦስተኛው ሳምንት ጎሳዬ ሲወጣ ከኋላው የጫማ ድምፅ ሰማ። ዞረ። ነጋሽ ነው፤ በጂንካ የታወቀው የመሬት ደላላ፣ ሾጣጣ ጥቁር ጫማ ያደረገ። ነጋሽ ዞሮ ዛፍ ያየ አስመሰለ።

«ወዴት ነው ነጋሽ?» አለ ጎሳዬ። ይህን ጥያቄ ለሰው ሲያቀርብ የመጀመሪያው ነበር።

ነጋሽ ላቡን ጠረገ። «እኔማ… ፍየል…» አለ።

ጎሳዬ አልሳቀም። እንዲያውም አዘነለት። «ና በል» አለው።

ከዋንዛው በላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነጋሽ ከጎሳዬ ዓይን ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ጎሳዬ ወደ ግራ ሲያይ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ታች ሲያይ ወደ ታች አየ። ማስታወሻ ደብተርም ከኪሱ አውጥቶ ነበር።

«እዚያ ጋ ነው?» አለ ቀስ ብሎ፣ በጣቱ ወደ ሸለቆው እያሳየ።

«እዚያ ምን አለ?»

«አንተ ነህ እንጂ የምታውቀው።»

«ያለ ወቅቱ ዝናብ እየመጣ ነው እዚያ ጋ» አለ ጎሳዬ። «እየው፣ ያችን ኮረብታ አልፏል። ሁለተኛዋ ጋ ሲደርስ ነፋሱ ይቀድመዋል።»

ነጋሽ ጻፈው። ከዚያ ጠበቀ። ዝናቡ ሁለተኛዋ ኮረብታ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሎ መጣ፣ ደብተሩን ገጽ በገጽ ገለጠው። ነጋሽ ደብተሩን ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ ኪሱ ከተተው። ጉሬዛዎቹ ከታች ዛፍ ነቀነቁ።

«ጎሳዬ፣ በእናትህ ሞት» አለ። «እውነቱን ንገረኝ። እዚህ ምንም የለም?»

«ምንም።»

ነጋሽ ጎንበስ ብሎ የሾጣጣ ጫማውን ክር ፈታ፤ አንዱን አወለቀ፣ ሌላውንም አወለቀ፣ የእግሮቹን ጣቶች ሣሩ ላይ ዘረጋቸው።

«ዝናቡ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ አለው?» አለ።